ቢጫዋ ጀሪካን

ደሴታችን ሁለት ዳርቻ አላት። የፊቱ የእንግዶች ነው፤ ጀልባቸው እዚያ ይቆማል፣ የቅርጫትና የሻሽ ሱቆችም ተደርድረውበታል። እኛ ወደ ሐኪም፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ሌላም ጉዳይ የምንሄደው በጀርባው በኩል፣ ከእኔ ቤት ቁልቁል ነው። የመንደሩ ጀልባ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ በዚያ ያልፋል። ተሳፋሪ ካለ ባሕሩ ዳር የተተከለው እንጨት ላይ ቢጫ ጀሪካን ይሰቀላል። ጀልበኛው ጀሪካኗን ካላየ አይቆምም። ጮህክ አልጮህክ ሞተሩ አያሰማውም።

ያን ቀን እናቴን የዓይን ሞራ ላስገፍፋት ነበር። አምስት ወር ወረፋ ጠብቀናል። ካርዷ ላይ «ከአራት ሰዓት በኋላ የመጣ ተራው ለሌላ ይሰጣል» ተብሎ ተጽፏል። ገና ሲነጋ ወርጄ ጀሪካኗን ሰቀልኩ፤ ተመልሼም እናቴን አለባበስኩ። ካርዷን አሥር ጊዜ ዳብሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

እጇን ይዤ ስወርድ ጀልባው ሳይቆም እያለፈ ነው። እንጨቱ ላይ ጀሪካን የለም። በቦታው ቀይና አረንጓዴ ጌጥ ያለው አዲስ ቅርጫት ተሰቅሏል። ከሥሩ የታናሽ እህቴ ባል ዓይኑን ከፀሐይ በመዳፉ እየጋረደ ሥራውን ያደንቃል። ሱቆቹ ጋ እንግዳ ሲቀበል ስለሚውል መንደሩ «ደህና መጡ» ይለዋል።

«ጀሪካኗ የት አለች?» አልኩት።

«አወረድኳት ጋሼ። ዛሬ የሚመጡት እንግዶች ሱቅ ሰልችቷቸዋል። የመንደሩን የዕለት ኑሮ አሳዩን ብለዋል። ጀሪካን ደግሞ ለፎቶ አታምርም።»

«የዕለት ኑሯችን እኮ እሷ ናት።»

እጁን ሰዶ ቅርጫቱን አቃና።

«ልጅህ ስትወለድ እህቴን ሐኪም ቤት ያደረሳት ማን ነው?»

«ጀልበኛው።»

«ማን አቁሞልን?»

«ጀሪካኗ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

እኔ መረብ ጠጋኝ ነኝ፤ ሥራዬ የሌላው ሰው የበጠሰውን ቁጭ ብሎ መቋጠር ነው። ሰውም እጄ ሥራ ላይ መሆኑን አይቶ ብሶቱን ሁሉ ያራግፍብኛል፤ እሰማለሁ። ያን ጠዋት ግን ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ አፌ ላይ የመጣውን እናቴ አጠገቤ ባትቆም ኖሮ እለው ነበር።

«ጀልባው ሄደ እንዴ?» አለች እናቴ።

«ሄደ።»

«እንግዲህ ተራዬን ለሌላ ሰጡ።» ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ከሁሉ የባሰብኝም ያ ነው።

ደህና መጡ እናቴን አዘላት። እሷ «አውርደኝ፣ እግሬን አልታመምኩም» እያለች፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ኮረብታውን ተሻግረን ወደ ፊቱ ዳርቻ ወረድን። የእንግዶቹ ጀልባ ገና መድረሱ ነው። ስምንት እንግዶች ተነስተው ሊወርዱ ቦርሳቸውን ያነሳሉ።

«ከእንግዳ ሌላ እንዳልጭን ታዝዣለሁ» አለ ነጂው። «ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት እዚሁ ነኝ።»

ደህና መጡ እናቴን ከጀርባው ሳያወርድ ወደ እንግዶቹ ዞሮ በቋንቋቸው ብዙ አወራ፤ እጁ እናቴን ስለያዘ በአገጩ ጭምር ይጠቁማል። እንግዶቹ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም መልሰው ተቀመጡ። አንዷ ሴትዮ ለእናቴ ቦታ ለቀቀችላት።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«የዕለት ኑሮ ማለት የመንደሩ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ነው፤ ጉብኝቱ ከዚህ ይጀምራል አልኳቸው።»

ነጂው ራሱን እየነቀነቀ ሞተሩን አስነሳ። እንግዶቹ መንገዱን ሙሉ እናቴን ፎቶ አነሷት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ።

«ፎቶ እያነሱሽ ነው።»

«እኔ የማላያቸውን? ስመለስ ያንሱኝ በላቸው፣ ያኔ እንተያያለን።»

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ካርዷን በመስኮቱ አስገባሁ። ተራዋ አላለፈም። ደጅ ቁጭ ብዬ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ጸለይኩ። በመካከሉ ደህና መጡን ደጋግሜ ረገምኩት፣ ደጋግሜም ይቅርታ ጠየቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተፈታላት። እንደ ወጉ በመንደሩ ጀልባ ተሳፈርን። ጀልበኛው ፊቱን አኮሳትሯል።

«ያ አማችህ ምን ሆኗል?» አለኝ። «ጀሪካኗ ከተሰቀለች አልወረደችም። ዛሬ ስመጣ አይቼ ቆምኩ፣ ተሳፋሪ የለም። እሱ 'ዳግመኛ ጀልባው እንዳያመልጠን ብዬ በምስማር መታኋት' ይለኛል። እንዲህ ከሆነ በምን አውቄ ነው የምቆመው?»

በውስጤ የቀረችው ጥቂት ትዕግሥት ያኔ አለቀች። ስንደርስ የምለውን ቃል በቃል አዘጋጀሁ፤ ረጅም ነበር።

ደሴቲቱ ገና በሩቁ ስትታይ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እዚያ ዳር ላይ ቢጫ ነገር አለ» አለች። ዓይኗን አጥብባ ቆየች። «ጀሪካኗ ናት። ከሥሯም አንድ ሰው እጁን ያወዛውዛል።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ስንወርድ ደህና መጡን «መዶሻውን አምጣ፣ ምስማሩን እንንቀል» ብቻ አልኩት።