አሰጋሽ ያስያዘችው ቀጠሮ

«እዩዋት እስቲ! ከሐዘኑ ብዛት ንፍሮ እንኳ አልወርድ አላት» አሉ እትዬ አስቴር፣ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ።

እየሩሳሌም የስድስት ወር ሆዷን አቅፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ንፍሮውን አንድ ሁለቴ ታኝክና ፊቷን አጨማዳ መልሳ በነጠላዋ ጫፍ ትቀበለዋለች።

ታናሽ እህቷ ትንቢት ግን ጠርጥራለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መጠርጠር ሥራዋ ነው። ጠጋ ብላ የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ደም።

«አንቺ! ድድሽ ነው አይደል?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! እነሱ እኮ በሐዘንሽ እየተደነቁ ነው።»

እየሩሳሌም ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ድዷን አመማትና «እህ!» አለች። ሴቶቹ አብረው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እቴቴ» የሚሏት አክስታቸው አሰጋሽ ካረፈች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዋና ሥራዋ የሰው አፍ ማየት ነበር። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ፣ የስልኳን መብራት አብርታ፣ «አ በሉ!» ትላለች። ሳይፈተሹ ትምህርት ቤት የለም። ትንቢት አንዴ «የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፍተሻ ይሻላል» ብላ ጆሮዋን ተቆንጥጣለች።

እየሩሳሌም አርግዛ ድዷ መድማት ሲጀምር ግን አሰጋሽ አልቀለደችም።

«የእኔም እንዲህ ይደማ ነበር» አለቻት። «የእርግዝና ነው፣ ይተውሻል አሉኝ። በሰባተኛው ወር ወለድኩ። አንድ ቀን ብቻ አቀፍኩት። በድዱ ይሁን በሌላ እግዜር ያውቃል። አንቺ ግን ትታያለሽ!»

ከዚያ ቃሊቲ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ድረስ ራሷ ሄዳ ቀጠሮ አስያዘችላት። ቀጠሮው ዛሬ አራት ሰዓት ነው።

ትንቢት ብድግ አለች። «ተነሽ፣ እንሄዳለን።»

«ለቅሶ ትታ?» እትዬ አስቴር ደነገጡ። «ደግሞስ እርጉዝ ሴት ጥርሷን ትነካለች እንዴ?»

«እትዬ፣ ቀጠሮውን ያስያዘችው እኮ እቴቴ ራሷ ናት። እርስዎ ከእሷ ጋር ተከራክረው አሸንፈው ያውቃሉ?»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማንም አሸንፏት አያውቅም፤ ዛሬም አንሞክርም። ባጃጅ ጥሩላቸው!»

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ የእየሩሳሌምን አፍ ከመረመረች በኋላ «እንኳን መጣሽ» አለች። «የድድ ኢንፌክሽን ያለጊዜው የመውለድ ዕድልን ሊጨምር ይችላል። ማጽዳቱ ግን ለአንቺም ለልጅሽም ችግር የለውም። የእርግዝና ክትትልሽንም እንዳታቋርጪ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ቀጠሮ ያስያዙልሽ እናት የታሉ? እኔንም አፍሽን ክፈቺ ብለውኝ ነበር።»

የእየሩሳሌም አፍ በጥጥ ተሞልቷል። መልስ የማያልቅባት ትንቢትም የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ አነሳ አድርጋ አሳየቻት።

ከቀትር በኋላ ሲመለሱ እየሩሳሌም አልተቀመጠችም። ቀጥ ብላ ሄዳ የአሰጋሽ ፎቶ ፊት ቆመችና አፏን በሰፊው ከፈተች።

ሙሾ ልታወርድ ነው ብለው ሴቶቹ ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሱ። እትዬ አስቴርም ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሱ። ድምፅ ግን አልወጣም።

ትንቢት ስልኳን አውጥታ መብራቱን አበራች፤ ለፎቶው በደንብ እንዲታይ የእህቷን አገጭ ቀና አደረገችው።

«አየሽ፣ እቴቴ?» አለች።