ዳረል ሰው ሲወድ

ኖሪን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ኦሃዮ ውስጥ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ የገበሬዎች ባዛር ሜዳ ላይ፣ የድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር ፊት ቆማ ገመድ ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ መልሳ እዚያው ትሰካለች። የተበላሸ ነገር የለም። እጇ ነው አላርፍ ያላት።

የሚያስጨንቃት ታናሽ ወንድሟ ዳረል ነው። "ቆርቆሮ ጣሪያ" የሚሉት ባንድ ዘፋኝ እሱ ነው። አውስትራሊያ፣ ወሎንጎንግ፣ የብረት ፋብሪካው ሠራተኞች በሚጠጡባቸው ቤቶች ሰባት ዓመት ሲዘፍን ድምፁን የምታስተካክልለት እሷ ናት። ማንም አላስተማራትም። አንድ ቀን ባለሙያው ሰክሮ ሲቀር "እኔ ልሞክረው" አለች፤ ከዚያ ወዲያ ከሚክሰሩ ጀርባ የሚያስነሳት ጠፋ።

ዳረል አንድ አመል አለው። ሰው ሲወድ ይሰድባል። አገር ቤት መድረክ ላይ ይወጣና "እንዴት ዋላችሁ፣ እናንተ ዲቃሎች!" ሲል ቤቱ ይናጋል። "ዲቃላ ራስህ!" ይሉታል፣ የቢራ ጣሳ ይወረውሩበታል፤ እሱ ደስታውን አይችለውም። ሳይሳደብ የዘፈነ ቀን "ምነው ዳረል፣ ምን በደልንህ?" ብለው ይጠይቁታል።

ትናንት ኢንዲያና ላይ ያንኑ አለ። ሜዳ ሙሉ ሰው ጭጭ አለ። አንድ አባት ልጆቹን በግራና በቀኝ ይዞ ወጣ፣ ሌላውም እሱን እያየ ተነሳ።

ባንዱ በአሜሪካ ከተሞች የሚያደርገውን የዘፈን ጉዞ የሚመራው አሜሪካዊ አቶ ታሊ ዛሬ ጠዋት ኖሪንን ጠራት።

"እመቤቴ፣ ከዛሬ በኋላ አሥራ አራት ከተማ ይቀረናል። ዛሬም ሰው ካስቀየማችሁ ግን ነገ የምወስዳችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሌላ ባንድ አዘጋጅቻለሁ።"

"ስድብ እኮ አይደለም፣ አቶ ታሊ።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ሰላምታ ነው።"

"እዚህ ስድብ ነው" አላትና ሄደ።

ዳረልን መኪናው ውስጥ ጫማውን ሲያስር አገኘችው።

"ዛሬ ያቺን ቃል ካወጣሃት በገዛ እጄ ነው የማንቅህ።"

"ኧረ ኖር! ምን ልበላቸው ታዲያ? 'ክቡራትና ክቡራን' ልበል?"

"በል እንጂ! ምን ይነካሃል?"

"እናቴን፣ ምላሴ ይተሳሰራል።"

"ይተሳሰር። ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግረን በአንዲት ቃል ልንመለስ ነው?"

የጫማውን ገመድ ሳብ አደረገና "እሺ፣ አልልም" አላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድረክ ወጡ። ሰዉ ሣር ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ በቆሎ ይግጣል። ዳረል ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ "ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ" አለ። ድምፁ ሐኪም ፊት የቀረበ በሽተኛ ይመስላል። የመጀመሪያውን ዘፈን ዘፈነ፣ ሁለተኛውን ዘፈነ። ከበሮ መቺው ሳይቀር ፈርቶ እየዳበሰ ይመታል። ሰዉ በጨዋ ደንብ አጨበጨበና ወደ በቆሎው ተመለሰ። አቶ ታሊ ኖሪን አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሞ ሰዓቱን አየ።

ኖሪን የምታየው የወንድሟን አንገት ነው። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ሥሩ ተገታተረ። ሊለው ነው! ጣቷ የእሱ ማይክ ቁልፍ ላይ ነበር፤ አፉን ሲከፍት ወደ ታች ሳበችው።

ዳረል እጁን ዘርግቶ ጮኸ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። ደግሞ ጮኸ።

"አልሰማንም!" አለ ከፊት የተቀመጠ ባለ ኮፍያ ሰውዬ።

"ምን አልክ?" አለች አንዲት ሴት።

አንዱ ጆሮውን በእጁ ደግኖ ተነሳ፣ ሌላው ተከተለው። በቆሎአቸውን እንደያዙ መድረኩ ሥር እስኪደርሱ ተጠጉ። "ምን አልክ? ጩህ እንጂ!" ይሉታል፤ ይስቃሉም።

"ማይኩ ተበላሸ እንዴ?" አላት አቶ ታሊ።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት።"

"በጣም ጥሩ። እስኪበርድለት እንዳይከፍቱት።"

ኖሪን ጣቷን ከቁልፉ አላነሳችም። ከከፈተችው ያንኑ ነው የሚለው፤ ታውቀዋለች። ካልከፈተችው ደግሞ ዘፋኙ ድዳ ሆኖ ቀረ። ይህ ሁሉ ሰው የመጣው ሊሰማው ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይሰለቸውና ተመልሶ ይቀመጣል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችና ቁልፉን እስከ ላይ ገፋችው።

"...ዲቃሎች ነው ያልኳችሁ!"

ቃሉ ሜዳውን ዞረው። ኖሪን ከጄኔሬተሩ በቀር የምትሰማው ነገር ጠፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች።

"ይቺን ለማለት ነው እንዲህ ጉሮሮህ እስኪሰነጠቅ የጮኽከው?" አሉ ፊት የቆሙ አንዲት ሸበቶ ሴትዮ። ዙሪያቸው የነበረው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ባለ ኮፍያው "ዲቃላ ራስህ!" ብሎ የበቆሎ ቆረቆንዳውን ወረወረበት።

ዳረል ወደ ከበሮ መቺው ዞሮ "መለሱልኝ!" አለ። ከዚያ በኋላ እንደ አገራቸው ተጫወቱ።

ከኋላ ግን ምንጣፋቸውን ጠቅልለው የሚወጡ ነበሩ። ኖሪን አየቻቸው፣ አቶ ታሊም አየ። ሲያልቅ መጣ።

"ስልሳ የሚሆን ሰው ተቀይሞ ሄዷል። የስሞታው ስልክ ለእኔ ነው የሚደወለው።"

"እና?"

"የቀረው ቆሞ ነው የጨረሰው። ትናንት የቆመ አልነበረም።" ኮፍያውን አስተካከለ። "ነገ ከምሳ በፊት ቀጣዩ ከተማችን ዴይተን እንግባ። የዴይተንን ሰው ግን አላውቀውም፣ እመቤቴ። ከአሁኑ ልንገርዎ።"

"ገብቶኛል" አለች። የገመድ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ሳቁን የጀመሩት ሸበቶዋ ሴትዮ ነገ ዴይተን አይገኙም።

ዳረል ላቡን እየጠረገ መጣ። "ማይኬ ምን ነክቶት ነው?"

"ዘጋሁብህ።"

ፎጣውን ከፊቱ አወረደ። "ሰባት ዓመት አንድ ቀን ዘግተሽብኝ አታውቂም።"

"ቃል ገብተህልኝም አፍርሰህ አታውቅም።"

"ሁለተኛ እንዳትዘጊብኝ፣ ኖር።"

"እሱን ነገ እዚያው ስንደርስ አያለሁ" አለችና ተነሳች። ትልቁን ድምፅ ማጉያ በአንድ ጎን ያዘች፤ እሱም ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሌላው ጎን ያዘ።