የእህቴ ወንፊት

ሳላውቅ አላጠፋሁም። በኋላ «ምስኪን፣ ተሳስታ ነው» የሚል እንዳይመጣ አስቀድሜ ልናገር። ሃያ ሁለት ዓመት ፍሬም ስሠራ የኖርኩ ሴት፣ የትኛው ወረቀት ሙጫ እንደሚወድ፣ የትኛው እንደሚጠላ ይጠፋኛል ብላችሁ ነው?

ወረቀቱን ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። ሰው ሁሉ «ሠዓሊዋ» ይላታል፤ እኔ «ጻድቋ» እላታለሁ፣ በፊቷም በሌለችበትም። ሥዕሏ ቀለም የለውም። ብርድ ልብስ ታነጥፋለች፣ ነጭ ወረቀት ትዘረጋበታለች፣ ከዚያ ከጀርባው በመርፌ መውጋት ነው። አንድ የጸሎት ቃል፣ አንድ ቀዳዳ። ከኋላው ብርሃን ሲመጣበት ያምራል ይላሉ፤ ያለ ብርሃን ግን ወንፊት ነው። ለእግዚአብሔር ወንፊት ምን ይሠራለታል ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። ከንፈሯን ነክሳ መርፌዋን አነሳች።

እናታችን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ስትማቅቅ ያገላበጥኳት፣ ያጠብኳት፣ አንሶላዋን የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ። በረኪናው እጄን ልጦት ጣቶቼ ስንጥቅጥቅ ብለው ነበር። ጻድቋ ጥግ ይዛ ወረቀት ትወጋለች። እናታችን ታዲያ የማንን እጅ ይዛ ሞተች? የጻድቋን። እኔ ጓሮ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ለቀብር የመጣው ሁሉ «እንዲህ የምትጸልይ ልጅ ያላት እናት ታድላ» እያለ እሷን አቅፎ አለቀሰ። እኔን «የሚጠጣ ውኃ አለ?» አሉኝ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ቂሜን ያዝኩና ጸሎቱን ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ትልቁን ወረቀቷን፣ የበር ስፋት ያለውን፣ ጠቅልላ ሱቄ መጣች። ኤግዚቢሽኗ አርብ ይከፈታል።

«እትዬ፣ ይሄ በሁለት መስታወት መሃል ነው የሚገባው። ሙጫ እንዳይነካው። አዳራሹ መሃል ይሰቀላል፣ ከኋላው መብራት አለ።»

«ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ኧረ እየለመንኩሽ ነው።»

«ስትለምኚም ቅድስት ነው የምትመስይው። አስቀምጪውና ሂጂ።»

አባታችን ሱቁን ሲያወርሰኝ ያስተማረኝ ደንብ አለ፤ የሚሸበሸብ ወረቀት ጀርባው የዱቄት ሙጫ ይቀባል፣ ካርቶን ላይ ይለጠፋል፣ በሩሎ ይዳመጣል። ማክሰኞ የጻድቋን ወረቀት በደንቡ ያዝኩት። ጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። መነጽሬ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ነበር፤ አልዘረጋሁም። ሙጫውን ለቀለቅኩበት። ካርቶኑ ላይ አሳረፍኩትና በሩሎ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሄድኩበት። መርፌው ፊቱ ላይ ያስነሳው ጉርብጥብጥ ሁሉ ድምጥማጡ ጠፋ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ መጣች። ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ምን አደረግሽው?»

«ለጠፍኩት። እንዳይሸበሸብ።»

«ሙጫ እንዳይነካው ብዬሽ ነበር።»

«ረሳሁት።»

«አልረሳሽም።» ድምጿ ከፍ አላለም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«እሺ፣ አልረሳሁም። በእማዬ ሕመም እስከ መቼ ነው የምትመሰገኚው? እኔ ሳጥባት አንቺ ወረቀት ትቦረቡሪ አልነበር?»

«ማን ነው ጥግ ያስቀመጠኝ? ሳሙናውን ባነሳሁ ቁጥር ‹እጅሽ ቀዝቃዛ ነው፣ ዞር በይ› ስትይኝ አልነበር? እማዬን ለብቻሽ ነው የፈለግሻት። ድካሙን እንኳ አላካፈልሽኝም።»

መልስ አጥቼ አይደለም። መልሴ ውሸት ስለነበር ዋጥኩት።

«ጀርባውን አንብበሽዋል?» አለችኝ።

«ምን ሊጻፍበት?»

«እንግዲያው ያዢው። ያንቺ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሱ ቦታ ባዶውን ይቀራል።»

በሩን እንኳ አላጋጨችውም። ቀስ አድርጋ ዘግታው ሄደች።

ከሄደች በኋላ ሥራ እምቢ አለኝ። ውኃ አሞቅኩ፣ ስፖንጅ ነከርኩ፣ ካርቶኑን ከኋላ ማራስ ጀመርኩ። የዱቄት ሙጫ ሙቅ ውኃ ካገኘ ይለቃል። እሷንም ራሴንም እየተሳደብኩ ከጥጉ ጀምሬ ላጥኩት። የእርሳሱ ጽሑፍ አልጠፋም ነበር። አሁን መነጽሬን አደረግኩ።

«ለእትዬ እጆች፣ እንዲድኑ።»

ከሥሩ ቀን አለ። እናታችን በተኛች በሁለተኛው ወር ነው፣ እጄ መላጥ የጀመረ ሰሞን። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ለእናታችን የምትወጋ ይመስለኝ ነበር።

አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አፉን ከፍቶ አይናገርም? ሦስት ጊዜ ደወልኩላት፤ አላነሳችም። እውነቷን ነው፣ እኔም ብሆን አላነሳም።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱ ደረቀ። ከቤት ብርድ ልብስ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ፣ ወረቀቱን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ዘረጋሁት፣ ሙጫ የደፈነውን ቀዳዳ በመርፌ አንድ በአንድ መክፈት ያዝኩ። እስከ ነገ እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ እስከ ዓመትም ላያልቅ ይችላል። ወደ ቀትር ላይ ግማሽ ክንድ እንኳ አልሄድኩም፣ ጣቴን ግን ሁለቴ ወግቼዋለሁ።

ለሠርግ ፎቶ ፍሬም ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«ይቅርታ፣ እየጸለዩ ነው እንዴ?» አለኝ። «ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል።»

«ሙጫ ነው የማጸዳው፣» አልኩት። «ፎቶህን እዚያ አስቀምጠው። ዛሬ እጄ ሥራ ይዟል።»