ለልምምድ የተዋሰችው አንገት

ደግሞ አትናገር ትለኛለች፣ እኔን፣ ናፍጣ ያለቀበትን የጭነት መኪና በስድብ ብቻ እየገፋሁ ገዳሪፍ ያስገባሁትን ጥጋቡን፣ አትናገር፣ ሐጂ ሳሊህ አይናገሩም፣ ዛሬ አንተ ሐጂ ሳሊህ ነህ፣ ትላለች ሚስቴ፣ ከንፈሯ መሃል መርፌ የያዘች ይመስል አፏን ገጥማ። እሺ። ሐጂ ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ትዳር ያላገኘሁትን ማዕረግ ዐንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ አገኘሁት፣ ከላዬ የካርቱም ሰማይ፣ ገና በማለዳው እንደ ጋለ ቆርቆሮ የነጣ፣ ከሰማዩና ከእኔ መሃል እፀገነት፣ ከእፀገነትና ከእኔ መሃል ምላጩ።

ምላጭ ሲባል ያ በወረቀት ተጠቅልሎ ሱቅ የሚንጠለጠለው እንዳይመስል፣ የጥንቱ ነው፣ እንደ ሰንጢ ከእጀታው የሚዘረጋው፣ ሱዳኖቹ ሙስ የሚሉት፣ የሐጂ የራሳቸው፣ ዝንብ ብታርፍበት ሁለት ዝንብ ሆና ነው የምትነሳው። እፀ ከጨበጠችው ሳምንት አልሞላትም። አስተካካዩ ኢሳ ፊኛ ነፍቶ አረፋ ቀብቶ፣ በይ እንግዲህ አረፋውን ላጭተሽ ፊኛውን አትርፊልኝ ብሎ ሰጣት፣ የመጀመሪያው ሲፈነዳ የዴም ሰው በሙሉ አልጋ ስር ገባ፣ ተኩስ ያየ ሰፈር ነው፣ አልጋ የሌለው የጎረቤቱ አልጋ ስር ገባ፣ በኋላ ኢሳ፣ እትዬ፣ ፊኛውም አለቀብኝ መንደሩም አለቀብኝ፣ ባል የለሽም እንዴ፣ አላት። አለኝ አለች። ይኸው፣ አለሁ።

መምህሯም እኔ ነበርኩ፣ አፌ እስኪዘጋ። ከሻይ በፊት ስንቱን አስተምሬያታለሁ፣ የጎንደሩ አስተካካዬ የተኛ ነብር ላጭቶ ነብሩ ሲነቃ መስተዋት እንደጠየቀው ሁሉ ነግሬያታለሁ፣ ቆዳውን ወጥሪ፣ ምላጩን አስተኚ፣ ጸጉሩ በተኛበት በኩል ውረጂ፣ ወደ ጎን እንዳትስቢ፣ ወደ ጎን ከሳብሽው ምላጭነቱ ቀርቶ ቢላዋ ነው። እሷ ቀበቶዬን ከወገቤ ፈትታ ከምሰሶው ጋር አስራ ስለቱን ወዲያ ወዲህ እያገላበጠች ታሸዋለች፣ እኔ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ሌክቸር። አንተ እጅህ ባይንቀጠቀጥ ራስህ ሄደህ ትላጫቸው ነበር፣ አለች። አይንቀጠቀጥም እፀ፣ መሪ ለምዶ ዛሬም እየነዳ ነው፣ አልኳት። ስለቱን ማሸት ቀጠለች። ነገ ጁምዓ ነው፣ ነገ የሐጂ ጉንጭ ነው።

ሐጂ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ምላሳቸውም አብሮ ሄዷል፣ ቆዳቸው ደግሞ ከዚህ ሙስ ሌላ የነካው እንደሆነ እንደ በርበሬ ነው የሚቀላው። እስከ ዛሬ ልጃቸው ሙስዐብ ይላጫቸው ነበር፣ ሙስዐብ ወደ ፖርት ሱዳን ሊሄድ ነው። የሐጂ ሚስት ሐጃ ኒዕማ ለእፀ፣ አንቺ ወጥ ሠሪዬ ነሽ፣ ይሄን ከቻልሽ ኸላስ፣ አለቀ፣ ጓዝሽን ይዘሽ ነይ፣ የውስጡ ክፍል ያንቺ ነው፣ ካልቻልሽ ክፍሉን ለሚችል እሰጣለሁ፣ አንቺ እንደ ድሮሽ ከዴም እዚህ ቡሪ ድረስ እየተመላለስሽ ታበስያለሽ፣ አሏት። ባሌስ? አለች እፀ። ባልሽማ፣ ሴቶች ልጆች ያሉበት ቤት ነው፣ ባልሽን ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሂጂና እዪው። እዪው! እንደ መቃብር። አበባ ይዛ ትምጣ እንግዲህ።

ይህን ሁሉ ለእኔ ስትነግረኝ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ነበር፣ እኔም አሪፍ ነው አልኳት፣ ተማም፣ አልኳት፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚለው። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያውን ቆጠርኩ፣ አንድ ጣሪያ ነው።

አሁን ትኩስ ፎጣው ከፊቴ ይነሳል፣ አረፋው ይመጣል፣ አፍንጫዬ ውስጥ ጭምር፣ ከግንቡ በላይ ደግሞ የጦይባ ሻሽ ብቅ ይላል፣ የወሎዋ ጎረቤታችን፣ እንኳን ምላጭ አይታ እንዲሁም የማታልፈን። እትዬ እፀገነት፣ እርድ ነው እንዴ ዛሬ፣ ወደ ቂብላ አዙሪው እንጂ። እፀ ዓይኗን ከጉንጬ ሳትነቅል፣ በስመ አብ ብዬ ነው የማርደው ትላለች። ውይ! እንግዲያው ለእኛ አይሆንም፣ እናንተው ብሉት፣ ደግሞ ጋሽ ጥጋቡ ምን ሥጋ አላቸው፣ ወሬ ብቻ ናቸው። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ ከመልሶች ሁሉ የሚበልጥ፣ ጦይባን ከግንቡ ላይ አንስቶ ደሴ የሚያደርስ፣ ልከፍት ስል ቀዝቃዛ ነገር ከጆሮዬ ስር ቁጭ ይላል። ዋጥኩት። ሻሿም ሄደ፣ መልሴን ሳትሰማ ሄደች፣ አምላኬ፣ ዲዳ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው?

ችርርር።

ይህ ድምፅ የኔ ጺም ነው? ከቅርብ ሲሰሙት የበቆሎ ማሳ በማጭድ ሲታጨድ ነው። ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ትጠርገዋለች፣ ይወርዳል። ቆዳዬን በሁለት ጣት ወደ ጆሮዬ ትስባለች፣ ጥሩ፣ ወጠረች፣ አስተኛች፣ ጥሩ፣ ኧረ ጎበዝ፣ አንደኛው ጉንጭ አለቀ፣ ሁለተኛው ተጀመረ፣ አፌ ጥግ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ያመነታል፣ ማመንታቱ በብረቱ በኩል ይመጣልኛል፣ እንደ ፍሬን ንዝረት፣ ወደ ጎን አትሳቢ፣ ወደ ጎን እንዳ…

ሳበችው።

ወይኔ በሞትኩት! ትላለች። ምንም አይደል፣ ልላት ነበር፣ አልልም፣ ሐጂ ነኝ። ደሙ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ነው፣ እኔ ለጦይባ ሳወራው ግን ናይል ሞላ እላለሁ። እፀ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ፎጣውን ትጫነዋለች፣ ስማኝ ጥጋቡ፣ ትላለች፣ አንዴ ደግሜ ካደማሁህ ትቼዋለሁ፣ በማርያም፣ ምላጩን እመልስላቸዋለሁ፣ ሽማግሌ አርጄ ክፍል አልፈልግም።

አንዴ።

አንዴ ብቻ።

ይህን ሐሳብ እኔ አላመጣሁትም፣ ራሱ መጥቶ ነው ዐንገረቡ ላይ አጠገቤ የተጋደመው። አንዲት ጠብታ። እሷ በማርያም ምላ የተመለሰችበት ቀን የለም። አንገቴ ላይ ስትደርስ ትንሽ ብንቀሳቀስ፣ ምራቅ ብውጥ፣ ሰው ምራቅ ይውጣል፣ ወንጀል አይደለም፣ በሕገ መንግሥት የተከለከለ አይደለም፣ ማንቁርቴ ብድግ ይላል፣ ስለቱ ይነካዋል፣ ጠብ፣ አለቀ፣ ማታ ማታ እንደ ድሮው በሩ ይንኳኳል፣ እኔ ነኝ ክፈት፣ እኔም እከፍታለሁ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ እላታለሁ፣ ምንም ሳይሆን የዋለውን ቀን አንበሳ አስገብቼበት አወራላታለሁ፣ ውሸታም ትለኛለች፣ ውሸታም የሚለኝ ሰው ከሌለ እኔ ማነኝ? ለግንብ ነው የምዋሸው? ግንብ ያምናል፣ ምን ጣዕም አለው።

ግን እግሯ። ከዴም ቡሪ ረክሻ ባጣች ቀን በእግሯ ነው፣ ኬላው፣ ፀሐዩ፣ አቧራው፣ ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ሊጥ ነው፣ ጣት ቢጫኑት ጉድጓዱ አይሞላም፣ እኔው ራሴ ተጭኜ አይቻለሁ፣ ያን ቀን እንኳን ቀልድ አልመጣልኝም። እዚያ ክፍሉ ቧንቧ አለው፣ የፀሐይ መብራት አለው፣ ማራገቢያ አለው። እዚህ ደግሞ እኔ አለሁ። እኔ ማራገቢያ አይደለሁም፣ ነፋሴ ግን…

ቀና በል፣ ትላለች።

ቀና እላለሁ። አሁን ሰማዩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጣቶቿ ከአገጬ ስር ያርፋሉ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላሉ፣ ደም ሥሬ ከጣቷ ስር እየዘለለ ነው፣ ይሰማታል? ብረቱ ያርፋል። ችርር፣ አንድ ክንድ ያህል ወረደ፣ አንድ ስንዝር ይሁን፣ እሺ ግማሽ ጣት። ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ ቀስ፣ ትላለች ለራሷ፣ ለእጇ። አሁን ነው። ማንቁርቴ አናት ላይ ደርሳለች። ይቅር በይኝ እፀ።

ዋጥኩ።

ምንም። ጠብታ የለም፣ ብረቱም የለም። ዓይኔን ሳወርድ ምላጩ አየር ላይ ነው፣ ከአንገቴ አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ እፀገነት ከላይ ታየኛለች፣ አንጥረኛ የጠረጠረውን ብር እንደሚያየው።

ሆን ብለህ ነው አይደል፣ ትላለች።

አፌን እከፍታለሁ።

አትመልስ፣ ሐጂ አይመልሱም።

ተንኮለኛ! መዋሻዬን ቀማችኝ። ቁጣዋን እጠብቃለሁ፣ ምላጩን ስትጥል፣ እሷ ግን ግንባሯን በክንዷ ትጠርግና፣ ከመዋጥህ በፊት አንገትህ ስር ያለችው ጅማት ትነሳለች፣ ዝም ስትል ጊዜ ታየችኝ፣ ስታወራ ሁሉ ነገርህ ስለሚንቀሳቀስ ምኑን ልለየው፣ ትላለች። ቀጥላም፣ ሐጂም ይውጣሉ፣ ያስላሉ፣ ሳያስቡት ይደነግጣሉ፣ ፊኛ ይሄን አያደርግም። ድገመው። በፈለግከው ሰዓት። እንዳትነግረኝ።

እደግመዋለሁ! እልህ ያዘኝ፣ በወጣትነቴ ኬላ ያመለጥኩ ሰው በጅማት ልያዝ? ዋጥ፣ ጅማቷ ተነሳች። የውሸት ሳል፣ ተነሳች። ዝንብ የነካኝ መስዬ ትከሻዬን ነቅነቅ፣ ተነሳች፣ ምላጩ እንደ ወፍ ነው፣ ቅርንጫፉ ሳይነቃነቅ ይበራል። በየመሃሉ ችርር፣ ችርር፣ ትወርዳለች፣ እጇ ማመንታቱን ረስቷል፣ ፈገግ ብላለች መሰለኝ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ ላበላሽ ብዬ ኢሳ ያላስተማራትን አስተማርኳት፣ ተማም ጥጋቡ፣ ሚስትህን በገዛ አንገትህ ሸኘሃት።

ቀረች፣ ትላለች፣ ከማንቁርትህ ስር፣ አንዲት ቦታ።

ብረቱ ያርፋል። ፀሐዩ ግንቡን ዘሎ ፊቷ ላይ ወጥቷል፣ ላብ ከግንባሯ ይንቆረቆራል፣ በቅንድቧ በኩል ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሁለቱንም። አንድ እጇ ቆዳዬን ወጥሯል፣ ሌላው ምላጩን ይዟል፣ የሚጠርግላት እጅ የለም፣ ስለቱ ቆዳዬ ላይ ነው፣ አታየኝም፣ ጅማቷንም አታያትም። አሁን ብውጥ አታውቅም። ሆን ብሎ ነው እንኳን አትልም።

ምራቄ ደግሞ ሞልቷል፣ የአረፋው ሳሙና ነው መሰለኝ፣ ምላሴ እየዋኘ ነው፣ ጉንጬ ተነፍቷል፣ ጉሮሮዬ ራሱ እየጠራው ነው፣ ና ና ይለዋል፣ አልሰማም፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ እግሯ፣ እንደ ሊጥ፣ በአፍንጫዬ ነው የምተነፍሰው፣ ቀስ ብዬ፣ በከንፈሬ ጥግ ይፍሰስ፣ ዐንገረቡን ያጥለቅልቀው፣ ዴምን ያጥለቅልቀው፣ አልውጠውም፣ ዓይንሽን ክፈቺ እፀ፣ ቀስ ብለሽ፣ እኔ የትም አልሄድም፣ አልውጠውም፣ ጨርሺ።