የታጠበው አንድምታ

ልጄ ወልደ ዮሐንስ አንድ የጥንት እንግሊዛዊ ስለ ሞትና ስለ ወዳጅነት የጻፋቸውን መጣጥፎች ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። እኛ የቤተ ክህነት ሰዎች በዳዊት ላይ እንደምናደርገው፣ በየኅዳጉ አንድምታውን በአማርኛ ጻፈበት። ጣሊያን የተማረ ሰው ማደን ሲጀምር መጽሐፉን ታንኳዬ በታሰረበት የደንገል ቄጠማ መካከል ሸሸግሁት።

«የኔታ፣ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳውን በየዕለቱ እያወጡ ፀሐይ ላይ ያድርቁት» አለኝ ታንኳ ሠሪው አብዱልመጂድ።

ልጄን ባሕር ዳር ላይ የረሸኑት ዕለት ግን ሐዘን ተቀመጥሁ፤ ታንኳው ሦስት ቀን ጣና ላይ ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን ደንገሉን ፈትቼ መጽሐፉን ገለጥሁ። ከእንግሊዝኛው ኅትመት አንዲት ፊደል አልጠፋችም። የልጄ ቀለም ግን ታጥቦ ሄዷል።

«አባባ፣ ላንብብልዎት» ሲለኝ፣ የፈረንጅ ወሬ ነው እያልሁ አንድም ቀን አልሰማሁትም።