ሶፋው የሚሄድበት ዘፈን

ሃያ ዓመት ሙሉ የአንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ መግቢያ ዘፈን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በየዓመቱ አዲስ። ፊቴን የሚያውቅ የለም። ታክሲ ውስጥ አንዱ ዘፈኔን ሲያፏጭ ስሰማ ግን «የኔ ነው!» ብዬ ላለመጮህ ስንቴ ምላሴን ነክሻለሁ።

ኮሜዲው ተመልካች ከሞላበት አዳራሽ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ሳሎን ውስጥ በአንድ ቀልድ ይጀምርና መጋረጃው ይዘጋል። ዘፈኑ ሲሰማ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አራት ዕቃ ተሸካሚዎች ሶፋውን አውጥተው የማዕድ ቤቱን ጠረጴዛ ያስገባሉ። ስለዚህ እኔ ዘፈን መሥራት የምጀምረው ፒያኖ ላይ አይደለም። መድረኩ ጥግ ቆሜ የሰዎቹን እርምጃ እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ዘፈኔ ሠላሳ ሰከንድ ነበር፤ ዘንድሮ ሃምሳ ደርሷል። ሰዎቹ አርጅተዋላ! አለቃቸው ራሰ በራው ጉልበቱን ያመዋል፤ ቢሞት እንጂ ቦታውን ለሌላ አይለቅም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ጠራኝ።

«እማማ፣ የዛሬ ሰው ሃምሳ ሰከንድ አይታገስም። አሥራ አምስት ሰከንድ የሚፈጅ ሌላ ዘፈን አሠርተናል። እርስዎ እንግዲህ ይረፉ።»

እማማ ሲለኝ ደሜ ፈላ። «ማን ደከመኝ አለህ? ሶፋውስ?»

«ሶፋው ከዘፈን ጋር ምን አገናኘው?»

ባስረዳው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሃያ ዓመቴ በአሥራ አምስት ሰከንድ ተሰረዘ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

የዘንድሮው የመጀመሪያ ስርጭት ቀን እህቴ እየጎተተች ወሰደችኝ። «ቤት ተቀምጠሽ ከምትቃጠዪ እዚያው ሄደሽ ተቃጠዪ» አለችኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን።

ቀልዱ አለቀ፤ መጋረጃው ተዘጋ። አዲሱ ዘፈን ገና ጀመረ ስል አበቃ። ልምምዱን ያለ ዘፈን ነበር ያደረጉት። መጋረጃ ሳቢዋ በሃያ ዓመት ልማዷ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ገመዱን ሳበች።

አራቱ ሰዎች ሶፋውን ተሸክመው መድረኩ መሀል ቆመዋል። ጠረጴዛ የለም። አያት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ድስት ይዛ የምታስቀምጥበት አጥታለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ፤ ካሜራው ግን እያስተላለፈ ነው። ራሰ በራው ሶፋውን አስቀመጠና ተመልካቹን ሲቃኝ እኔን አየኝ።

«እህቴ፣ ያላንቺ አይሄድም!» አለ፣ አገር እያየው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወጣሁ። መድረኩ ጥግ ወዳለው ፒያኖ ሄጄ የዘንድሮውን ዘፈኔን ጀመርኩ። ዓይኔ እግራቸው ላይ ነበር። ሶፋው ተነሳ፤ ወጣ። ጠረጴዛው በር ላይ ሲደርስ የራሰ በራው ጉልበት ከዳው፤ ቀጥ እስኪል አንዱን ድምፅ ይዤ ጠበቅሁት። ተመልካቹ በእርምጃቸው ልክ ያጨበጭብ ጀመር። የጠረጴዛው እግር ወለሉን ሲነካ የመጨረሻውን ቁልፍ መታሁ፤ ድስቱ ቦታውን አገኘ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ! እህቴ ትጮሃለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በእረፍቱ ሥራ አስኪያጁ ቆሌው ተገፎ መጣ።

«እትዬ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት... አርባ ሰከንድ ብናደርገውስ?»

ራሰ በራው ጉልበቱን እያሸ፣ «ሃምሳ አንድ» አለ።

«ሃምሳ አንድ» አልኩ እኔም። «ጻፈው።»

እስክሪብቶውን አውጥቶ ጻፈ።