ከመጋረጃው ኋላ የተመታ ቤዝ

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው በገዛ ጣቱ ለመታው ቤዝ ሌላው ሲጨበጨብለት መጋረጃ ኋላ ቆሞ ይሰማል? እኔ ሠርካዲስ ሰምቻለሁ። ያውም በሴቶች እኩልነት መዝሙር። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ሳነሳው ደሜ ይፈላል።

በዚያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ልደታ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቀን የሰው ክስ ስጽፍ እውልና ከሥራ ስወጣ ቀጥ ብዬ ወደ ጌጃ ሰፈር፣ ወደ ቀበሌያችን አዳራሽ እሄዳለሁ። የኪነት ቡድኑ ቤዝ ጊታር ተጫዋች እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ያስገቡኝ እንኳ ለአጃቢ ድምፅ ነው። ቤዙ ከአንድ የተወረሰ የምሽት ክበብ መጥቶ አቧራ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ወንዶቹ የሚሻሙት ባለ ስድስት ክሩን ተራ ጊታር ነው፤ ኮረዳ የሚያየው እሱን ነዋ። ያንን ባለ አራት ክር ወፍራም እንጨት ማን ዞር ብሎ ይየው? እኔ አየሁት። ድራም መቺያችን ፉፋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ጠጋ በይና እግሬን እያየሽ ምቺ" አለኝ። እሱ ትልቁን ከበሮ ሲረግጥ እኔ ክሩን ስስብ፣ ሲረግጥ ስስብ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ገባኝ።

እንደ ሌሎቹ በፕላስቲክ ቁራጭ አልጫወትም ነበር። ጠቋሚ ጣቴንና መሃለኛዋን እያፈራረቅኩ ነው የምመታው። ጣቴ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ መልሶ ቋጠረ፣ በመጨረሻ ደደረ። ቤዝ ቀላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንዱን ክር ስትመታ ሌላው እንዳያንጎራጉር በግራ እጅህ ማፈን አለብህ፤ ያንን ያልቻለ ሰው የሚያወጣው ድምፅ የጎርፍ ነው። ይህን ለመቻል ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ እኔና ፉፋ እናውቃለን።

ክሩስ ቢሆን ከየት ይመጣል? የቤዝ ክር በዋናው ሽቦ ላይ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞበት ነው የሚሠራው። በጥምጥሙ መሃል ላብና እድፍ ሲገባ ድምፁ ይሞታል፤ የቤት ዕቃ ሲጎተት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ብቻ ይሆናል። አዲስ ክር ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም። ስለዚህ እንቀቅለዋለን። አዎ፣ እንቀቅለዋለን። ክሩን ከመሣሪያው አውልቄ፣ ጠቅልዬ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሬ በእናቴ ድስት እጥደዋለሁ። እናቴ መሰለች ክዳኑን ከፍታ አይታ "ደግሞ ይሄ የምን ወጥ ነው?" አለችኝ። ድስቷን ከዚያ በኋላ ለሽሮ አልተጠቀመችበትም፤ አልከለከለችኝም ግን። ሲበቃው አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ልብስ ማስጫው ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ጎረቤታችን ትርፌ የመብራት ሽቦ መስሏት ልጆቿን እየጎተተች ታርቃቸው ነበር። ክሩ መልሶ ሲወጠር ነፍስ ይዘራል። ለጊዜው ቢሆንም ይዘራል።

እንግዲህ ቀበሌዎችን የሚያወዳድረው የከፍተኛው የኪነት ውድድር ደረሰ። ለውድድሩ የተመረጠልን መዝሙር ሴት ልጅ ከጓዳ ወጥታ አደባባይ መቆሟን የሚያበስር ነው። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። እናቴ አንድም ቀን ስጫወት አይታኝ አታውቅም ነበርና ነይ እይኝ አልኳት። እሷም ነጠላዋን አጥባ ተዘጋጀች። የፈለግሁት ይኼን ብቻ ነበር፤ እናቴ መድረክ ላይ ቤዝ ይዤ እንድታየኝ።

የኪነት ኃላፊያችን ጓድ ተክለጻድቅ ጠራኝ። "ጓድ ሠርካዲስ፣ አጨዋወትሽ ላይ ቅሬታ የለንም" አለኝ። "ነገር ግን ሴት ልጅ ያንን የሚያህል እንጨት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እግሯን አንፈራጥጣ ስትቆም ለዳኞች ዓይን አይመችም። ቤዙን ለኃይለመለኮት አስረክቢና አንቺ ከእስክስታ ወራጆቹ ጋር ግቢ።"

"ጓድ፣ መዝሙሩ ስለ ምንድነው የሚያወራው?" አልኩት።

"መዝሙር ሌላ፣ መድረክ ሌላ" አለኝ። ሳያፍር፣ ዓይኔን እያየ!

ከቡድናችን ወንዶች አንዱ የሆነው ኃይለመለኮት ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ቁመናው ያማረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዝም ያለ ሰው ነው። ቤዙን ይዞ ቢለፋ ቢለፋ አልሆነለትም። ፉፋ እግሩን ሲረግጥ እሱ ገና ክሩን እየፈለገ ነው። ውድድሩ እየቀረበ ሲሄድ ጓድ ተክለጻድቅ ጭንቅ ያዘው፤ ጭንቀቱ የወለደውን ብልሃት ስትሰሙ አናምንሽም እንዳትሉኝ። ኃይለመለኮት ፊት ለፊት ይቁም፤ እኔ መጋረጃ ኋላ ሆኜ ልምታ! ቤዝ ደግሞ ያለን አንድ ብቻ ነው። እና ምን አደረጉ? ከተራው ጊታር ላይ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች አወለቁና ባለ አራት ክር አደረጉት። ያንን የተሸለተ ጊታር ለኃይለመለኮት አስታጠቁት። ቤዝ ለማስመሰል እኮ ነው! የጊታሩ አንገት የቤዙን ግማሽ አያክልም፤ ግን ማን ያውቃል ብለው።

እምቢ በይ ትሉኝ ይሆናል። እምቢ ብል ቤዙ ዕቃ ቤት ይቆለፍበታል፤ ዳግም እጄ አይነካውም። ይህን ጓድ ተክለጻድቅ በግልጽ ነግሮኛል። እሺ አልኩ። ለእናቴ ግን አፍሬ አልነገርኳትም።

ውድድሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ግጥም ብሏል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ በአንድ ወንበርና በተሰበረ መጥረጊያ መሃል ቆሜአለሁ። በመጋረጃው ቀዳዳ የፉፋን እግር ብቻ አያለሁ። ያው የለመድኩት እግር ነውና ያዝኩት። እንደዚያን ቀን መትቼ አላውቅም። በንዴት ነው የመታሁት። አዲስ የተቀቀለው ክር ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው በጫማዬ ይሰማኛል። ሴቶቹ ፊት ለፊት ከጓዳ ወጣን እያሉ ይዘምራሉ፤ እኔ መጥረጊያው አጠገብ ነኝ። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዋንጫው የእኛ ሆነ። ከዳኞቹ አንዱ ተነስቶ በተለይ ቤዝ ተጫዋቹን አመሰገነ። ኃይለመለኮት አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሳ።

እናቴ ውጭ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ በርቷል።

"ምነው አጣሁሽ?" አለችኝ። "ጨፋሪዎቹ መሃል ፈለግሁ፣ ዘማሪዎቹ መሃል ፈለግሁ። አንቺ የለሽም። ያ ልጅ ግን እንዴት አድርጎ ነው የሚመታው! እዚህ ደረቴ ውስጥ ነው የገባው።"

እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጋረጃውን፣ የወለቁትን ክሮች፣ የጓድ ተክለጻድቅን ንግግር። ስጨርስ ክንዴን ያዘችና "እና ዝም ብለሽ መጣሽ?" አለችኝ። መልሳ ወደ አዳራሹ ጎተተችኝ።

ዳኞቹ ገና አልሄዱም፤ ዋንጫውን ከበው ለስላሳ ይጠጣሉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠች። ኃይለመለኮት ፊት ቆመች። "ልጄ፣ ጨዋታህ ልቤ ውስጥ ነው የገባው። ለእናትህ ስትል እስቲ ያችን አንዴ ድገምልኝ" አለችው።

ኃይለመለኮት ጊታሩን አየ። ጓድ ተክለጻድቅን አየ። ከዚያ እናቴን ሲያይ ዓይኑ ውኃ ሞላ። "እትዬ መሰለች፣ እኔ አይደለሁም" አለ። "የርስዎ ልጅ ናት።"

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስላችኋል። አላበቃም። ዋንጫው ተወሰደብን፤ እሱስ ይሁን። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተነስተሽ ቁሚ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ! ጓድ ተክለጻድቅ ሰብሳቢ ሆኖ "ጓድ ሠርካዲስ፣ መጋረጃ ኋላ ተደብቀሽ ሰፊውን ሕዝብ ያታለልሽበትን ምክንያት አስረጂ" አለኝ። ማን ደበቀኝ? ፉፋ ሊናገር ቢነሳ ተቀመጥ ተባለ። ከኪነት ታገድኩ። የቡድኑ ቤዝ ተጫዋች ኃይለመለኮት ነው፣ እስከሚቀጥለው ውድድር ይልመድ ተብሎ ተወሰነ፤ ሰውም እጁን አወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ኃይለመለኮት ነው፤ ቤዙን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ቤት ወስደህ ተለማመድ ብለውት ነው።

"ሠርኬ፣ አስተምሪኝ" አለኝ። "ካልቻልኩ ያባርሩኛል።"

በሩን ፊቱ ላይ ልደረግምበት ነበር። ከእጄ የነጠቁኝን ዕቃ ተሸክሞ መጥቶ አስተምሪኝ ይለኛል! እናቴ ከኋላዬ መጥታ በሩን ያዘችው።

"ትማራለህ" አለችው። "ግን እዚህ ውጭ፣ ደጃፉ ላይ።"

"እትዬ፣ ሰው ያያል።"

"እንዲያይ ነው" አለችና ሁለት የእንጨት ዱካ አውጥታ መንገዱ ዳር አስቀመጠች።

ኃይለመለኮት ቤዙን አውርዶ ሰጠኝ። አንገቴ ላይ አጠለቅሁት፤ እግሬን አንፈራጥጬ ተቀመጥኩ። ማጉያ ስለሌለ ቀረብ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚሰማው። ሰዉም ቀረበ። ትርፌ ልጆቿን ይዛ መጣች። ከልደታ ማርያም የሚመለሱ ሴትዮዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆሙ። አንዷ "ይቺ ናት ለካ" ስትል ሰማኋት።

ጓድ ተክለጻድቅ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሰው ተሰብስቦ አየና ጠጋ ብሎ ቆመ። ቤዙን በእኔ አንገት ላይ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

"ታግደሻል እኮ" አለኝ።

እኔ ቀና አላልኩም። እናቴ ናት ከደጃፉ የመለሰችለት።

"የሚጫወተው ኃይለመለኮት ነው ጓድ" አለችው። "እናንተው አይደላችሁ ያላችሁት?"

ጓድ ተክለጻድቅ ከበው የቆሙትን ሴቶች አየ። መንገዱን ቀጠለ። እኔም መምታቴን ቀጠልኩ።